ነጠላና ድርብ

ደገፋ ቶሌሳና ዕፀገነት ጴጥሮስ መጀመሪያ የተጣሉት በአንዲት ጭረት ነው። ጭረት ሲባል የመኪና እንዳይመስላችሁ፤ ሁለቱም መኪና የላቸውም። ልደታ ውስጥ፣ ከአንድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለመድኃኒት ቤቶች አፕ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አለ፤ እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮድ ይጽፋሉ። ኮድ ውስጥ ደግሞ ሰው እንዲያነበው የሚወጣ ቃል ሁሉ፣ «እንኳን ደህና መጡ»ም ይሁን «መድኃኒቱ አልቋል»፣ በጥቅስ ምልክት መታጠር አለበት። አጥሩ ባለ አንድ ጭረት ቢሆን ባለ ሁለት፣ ኮምፒውተሩ ግድ የለውም። ግድ ያለው ሰው ነው። ደገፋ በነጠላ ያጥራል፣ ዕፀገነት በድርብ።

የደገፋ ነጠላ የመጣችው ከሰፈሩ ከአብነት ነው። አባቱ አቶ ቶሌሳ በያጅ ናቸው፤ እሱም የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ፣ ብየዳ ቤቱ ጥግ ላይ ከቆራሌ በተገዛ ኮምፒውተር ራሱን አስተማረ። አንድ ቀን የብየዳ ፍንጣሪ የቁልፍ ሰሌዳው ላይ አረፈና «ሺፍት» ከሚባሉት ሁለት ቁልፎች የቀረችውን አንዷን አቀለጣት። ድርብ ጭረት ያለ ሺፍት አይወጣም፤ ነጠላው ይወጣል። ያው ፍንጣሪ መንገድ ተሻግሮ የጎረቤት ሬዲዮ ውስጥ እንደገባ፣ ሬዲዮውም ከዚያ ወዲህ ዜና ትቶ ዘፈን ብቻ እንደሚያሰማ አቶ ቶሌሳ ይምላሉ፤ ለጊዜው እሱን እንተወው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ሺፍት የጻፈ ጣት ግን፣ ኋላ ሙሉ ቁልፍ ሰሌዳ ቢሰጡትም አይመለስም። ዕፀገነት ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው፤ መምህሯ በነጠላ ከጻፈ ተማሪ ላይ አምስት ነጥብ ይቀንስ ነበር።

እሷ በእሱ ገጽ ስታልፍ ነጠላዎቹን ድርብ አድርጋ ትሄዳለች። እሱ በማግሥቱ ይመልሳቸዋል። አብሯቸው የሚሠራው በድሉ፣ ሳይቀልድ ውሎ የማያድር ሰው፣ አንዲት መስመር አርባ አንድ ጊዜ ስትገለባበጥ ቆጥሬያለሁ፣ ሰርቨሩን ጉንፋን ይዞታል ብሎ አስወራ። ከዚያ መጻጻፍ ጀመሩ። ኮድ ውስጥ በሁለት ዘንባላ ሰረዝ የሚጀምርን መስመር ኮምፒውተሩ አያነበውም፤ ሰው ለሰው የሚተወው ማስታወሻ ነው። ዕፀገነት አንድ ቀን እንዲህ ብላ ተወችለት፦ «ይሄ ነጠላ ለብሶ የቆመ ቃል የማን ነው? ብርድ ይመታዋል።»

«የደሃ ልጅ ነው፤ ለምዷል» ብሎ መለሰ።

ቀኑን ሙሉ ቀና ብላ አላየችውም። ከሥራ መውጫ ላይ ገጹን ሲከፍተው ከሥሩ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ድርብ ላልብሰው?»

ደገፋ ያን ዕለት ስድስቱን ፎቅ በእግሩ ወረደ፤ አሳንሰሩ እየሠራ። ደስታው ከእሱ አንድ አንድ ደረጃ እየቀደመ ይወርድ ነበር።

*

ሲሸኛት ከልደታ ኮንዶሚኒየም በር አልፎ አያውቅም። አባቷ አቶ ጴጥሮስ ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ የሠሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ያነበቡትን ጋዜጣ እንኳ በቀን በቀኑ አስረው ነው የሚያስቀምጡት። ለልጃቸው የሚመኙላት ወረቀት ያለው ሰው ነው፤ ወረቀት ማለት ዲግሪ። ደገፋ ያለው ወረቀት የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ወደ አራተኛው ፎቅ ቀና ሲል፣ ቤታቸው አራተኛ ፎቅ መሆኑ ቀርቶ እንጦጦ ጫፍ ላይ የተሠራ ይመስለዋል።

«አባዬን ለእኔ ተወው» አለችው አንድ ቀን እዚያው በር ላይ። «እሺ እስኪለኝ ግን አግቢኝ ብለህ በአፍህ አትጠይቀኝ። መልስ ሳይኖረኝ ፊትህን ማየት አልችልም።»

ሁለት ወር አልጠየቃትም። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አለመጠየቁ ተመችቶት ነበር።

ከዚያ አለቃቸው ሳሚያ ስብሰባ ጠራች። ኮዳችን ሰባት ልብስ ሰፊ እየተሻማ የሰፋው ካፖርት መስሏል አለች፤ ባለፈው ወር የተቀጠረ ባለሙያ ገጹን ከፍቶ አይቶ፣ ምሳ በልቼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ ነው የቀረው። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም በአንድ መንገድ ይጽፋል። ድምፅ ተሰጠ፤ ድርብ አራት ለአንድ አሸነፈ። አንዱ ደገፋ ነው። ማንም ረሳሁ እንዳይል፣ የሁሉንም ጽሑፍ ከርክሞ አንድ መልክ የሚያሲዝ ፕሮግራም ጽሑፉ ሁሉ በሚከማችበት ሰርቨር ላይ እንዲጭን በድሉ ታዘዘ። በድሉ ስብሰባው ሳይበተን ስም አወጣለት፦ ፀጉር አስተካካዩ።

«ከሰኞ ጀምሮ ሁላችንም አንድ ቁርጥ ነን ጀለሴ» አለው ደገፋን። «አንተ ነጠላ ነጠላ ስትል ነጠላህን እንዳትቀር።»

ሁሉም ሳቀ። ዕፀገነትም ሳቀች፤ ከዚያ የደገፋን ፊት አየችና ሳቋን ቶሎ ሰበሰበችው። ከሳቁ ይልቅ ያ መሰብሰቧ አንገበገበው። በእኔ ታፍራለች ብሎ አሰበ፤ አዝናለትም ሊሆን እንደሚችል አላሰበም።

ሐሙስ ዕለት፣ የአፑ መግቢያ ገጽ ላይ፣ ሰላምታው ገና ካልተጻፈበት ባዶ መስመር በላይ፣ እንዲህ ብሎ ተወላት፦

«ዕፀ፣ ከሰኞ በኋላ ማን ምን እንደጻፈ መለየት አይቻልም ተብሏል። ሰኞ ሳይደርስ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሁድ አባቴን ከሁለት ሽማግሌ ጋር ወደ ቤታችሁ ብልክስ? ከዚህ በታች ያለው የሰላምታ መስመር ባዶ ነው፤ አንቺ ትሞይዋለሽ። መልስሽ እሺ ከሆነ በእኔ መንገድ፣ በነጠላ ጻፊው። እምቢ ከሆነ እንደ ለመድሽው በድርብ። ምንም አንነጋገርም። ማንም አያፍርም።»

በአፉ አልጠየቃትም፤ ቃሉን ጠብቋል። አባቱ ይህን ሲሰሙ የብየዳ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ለክፉም ለደግም ያስቀመጡትን ኮት ከሻንጣ አውጥተው ደጃፍ ላይ ሰቀሉት፤ እንዲናፈስ ነው ቢሉም፣ የአብነት ሰው እያየው እንዲያልፍ ነበር። ደገፋ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር የኮቱን ትከሻ ያራግፍ ነበር።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተክለ ሃይማኖት ከሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት አፑን ሊጭን ተላከ። ከመደርደሪያው ኋላ የሳል ሽሮፕ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ከፈተ። የተወላት ማስታወሻ የለም፤ አንብባ አጥፍታዋለች ማለት ነው። ባዶው መስመር ተሞልቷል። እንኳን ደህና መጡ። በግራ ሁለት ጭረት፣ በቀኝ ሁለት ጭረት።

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ሁለተኛዋ ጭረት ትቢያ ትሆናለች ብሎ ስክሪኑን በእጅጌው ጠረገው። አልሆነችም። ለአገር ምድሩ ሁሉ እንኳን ደህና መጡ፣ ለእሱ እምቢ።

ምንም አንነጋገርም ብሏልና አልተነጋገረም። ሲም ካርዱን ከስልኩ አወጣ። ከተክለ ሃይማኖት እስከ አብነት በእግሩ ሄደ፤ ሰላም ያለውን ሰው ሰላም አለ፣ የገፋውን ሰው ይቅርታ ጠየቀ። ብየዳ ቤቱ ሲደርስ ሲሟን የሚስማር ቆርቆሮ ውስጥ ጣላትና አባቱን «ይቅር» አላቸው። ለምን አላሉትም። ኮቱን ከደጃፍ አወረዱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ተበይዶ ያለቀ በር አንስተው እንደገና ይበይዱ ጀመር። ደገፋ ሰማያዊውን ብልጭታ ያለ መነጽር አፍጥጦ አየው፤ ዓይኑ ለሚያፈሰው ነገር ሰበብ እንዲሆነው።

ሰኞ በሁለት መስመር ኢሜል ሥራውን ለቀቀ። ሦስት ሳምንት ለአባቱ ብረት ያዘ። በሦስተኛው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በድሉ፣ ቢሮ የቀረውን ጃኬትና ኩባያ በፌስታል ይዞለት መጣ። ስለ ሳሚያ አወራ፣ ስለ አዲሱ ወንበር አወራ፣ ከዚያ ጉድ ልንገርህ አለ።

«ያንን ፀጉር አስተካካይ ሰኞ ጀምር ተብዬ አልነበር? እኔ ለሙከራ ብዬ ዓርብ ከሰዓት ለማንም ሳልናገር አበራሁት። የድሮውን እንዳይነካ፣ አዲስ የሚጻፍ መስመር ብቻ እንዲከረክም አድርጌ። መጀመሪያ እጁ ላይ ማን ወደቀ ብትለኝ፣ ዕፀገነት። ያቺ የድርብ እመቤት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በነጠላ ጽፋ ላከች። አስተካካዩ እዚያው ድርብ አደረገላት። በሳቅ ሞትኩ። ሰኞ ልቀልድባት አሰፍስፌ ብጠብቅ ቀረች፤ ማክሰኞ ስትገባ ፊቷን ሳየው ተውኩት።»

ደገፋ የትኛውን መስመር እንደሆነ ጠየቀው።

«ሰላምታዋን ነዋ። እንኳን ደህና መጡን።»

የያዘው ብረት መሬት ላይ ወደቀ። አቶ ቶሌሳ ብየዳውን አቁመው ዞሩ። ደስታና ድንጋጤ በአንድ በር እኩል ልግባ ብለው ተጋፍተው፣ ደረቱ ላይ ተቀርቅረው ቀሩ።

*

በድሉ ዛሬም ሲያወራው፣ ደገፋ ከአብነት ልደታ አራት ደቂቃ ነው የፈጀበት፣ የሚኒባሱ ረዳት «ልደታ፣ ልደታ» እያለ ሲጠራው ሚኒባሱን ቀድሞት ሄደ ይላል። ውሸቱን ነው። ሮጧል ግን። ደረጃውንም ሳያርፍ ነው የወጣው፤ ሁለት ዓመት ቀና ብሎ ያየው አራተኛ ፎቅ፣ ሲወጡት እንደማንኛውም አራተኛ ፎቅ ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ጠጅቱ ከፈቱ። አዩት። ደህና ዋልክ ሳይሉ፣ ሂድም ሳይሉ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ትተውለት ወደ ጓዳ ገቡ። አቶ ጴጥሮስ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጋዜጣቸውን አጠፉ።

«ግባ» አሉት። «ቀጠሮህ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነበር።»

የእሁዱን ነገር ያን ጊዜ ነው የሰማው። አቶ ጴጥሮስ ሳይቆጡ፣ መዝገብ እንደሚያነብ ሰው ነገሩት። ልጃቸው ሁለት ወር ሙሉ ስትለምን፣ ስታኮርፍ፣ ገበታ ትታ ስትነሣባቸው ከርማ፣ እሳቸውም ረቡዕ ዕለት እሺ ብለዋት ነበር። ዓርብ «እሁድ ይመጣሉ» ብላ እየሮጠች ገባች። ከእድር አሥር ወንበር ተዋሱ። አጎቷ ከቡታጅራ መጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ለብሰው ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ጠጅቱ የቀረበውን ምግብ መልሰው ከደኑ። ዕፀገነት አሥራ አራት ጊዜ ደወለች። የእድር ወንበር ሲገባ ያየች ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣችና ማን ሞተ ብላ ጠየቀች።

«እስካሁን አልታወቀም አልኳት» አሉ አቶ ጴጥሮስ።

ደገፋ ሊያስረዳ ጀመረ። ቃሉ እርስ በርሱ ተደነቃቀፈበት። አቶ ጴጥሮስ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡት፤ አንድ ጭረት ሠራ፣ ከጎኑ ሁለት ጭረት ሠራ፣ ይሄ እሺ ነበር፣ ማሽኑ ይሄን አደረገው አላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ብዙ አዩት። በሥራ ዘመናቸው አንድ ጸሐፊ፣ «ያልተፈቀደለት» ከሚል ውሳኔ ላይ «ያል» የምትለዋን ዘሎ ሲገለብጥ፣ ባለጉዳዩ በሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት እንደኖረ ነገሩት። ቤቱ ውስጥ ሦስት ልጅ ወልዷል።

«እንዲህ ያለ ነገር ሰው እንደሚያጠፋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አሉ። «አንተ በቀጠሮህ ስላልቀረብክ መዝገቡን ዘግቼው ነበር። እኔ እከፍተዋለሁ። ባለጉዳይዋ ግን እኔ አይደለሁም።» ወደ ውስጥ ዞረው «ዕፀ» ብለው ተጣሩ፤ ራሳቸው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ያን ሁሉ ዓመት የፈራቸው ሰው መንገዱን ለቀቁለት። ደገፋ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ ለማለት አልደረሰም።

ዕፀገነት ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ከስታለች። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ አየችው፣ ከዚያ እሱን አየችው። በዓይኗ ውስጥ አንድ አፍታ ያ የድሮው ነገር ብልጭ አለ፤ ደገፋም አየው፤ አለቀ፣ ተረፍኩ ብሎ አሰበ።

«ነጠላ ነበር» አለች። «ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ነው የጻፍኩት። እጄ አልለመደውም።»

«ዕፀ፣ አላወቅኩም።»

«ያን ቀን ሁለት ጭረት ስታይ ምን ተሰማህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ልቤ ተሰበረ ቢል ውሸት አልነበረም። ግን ሮጦ ነው የመጣው፤ የሮጠ ሰው ደግሞ የመጣለትን ነው የሚናገረው።

«ድሮም እንደማውቀው ተሰማኝ» አለ።

ዕፀገነት ወረቀቱን አስቀመጠችው። ብዙ ጊዜ የፈለገችው ዕቃ ከማትወደው ቦታ እንደተገኘላት ሰው ራሷን ነቀነቀች።

«ማሽኑን አልቀየመውም» አለች። «ማሽን ነው፤ የሁሉንም እኩል ነው የሚቆርጠው። አባዬ ‹ይሄ ልጅ ትንቀኛለች ብሎ ነው የሚኖረው፣ አንድ ቀን ሰበብ ያገኛል› ሲለኝ፣ አታውቀውም እያልኩ ሁለት ወር ተጣላሁት። አንተ አንድ ጥያቄ አልጠየቅከኝም። ተሳስተሽ ነው ወይ አላልክም። ስልክህን ዘጋህ።»

«አንቺስ ለምን አልመጣሽም?» አለ ደገፋ፤ ሳያስበው ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። «አብነት ሩቅ ነው? ሃያ ደቂቃ ነው።»

«መጥቻለሁ።»

ደገፋ የያዘውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሰኞ ከሥራ ቀርቼ መጣሁ። ልሰድብህ ነበር፣ ልለምንህም ነበር፣ የትኛውን እንደሆነ አላውቅም። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁህ። ብረት ይዘህ ከሰዎች ጋር ትስቃለህ። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቀህ አታውቅም ደገፋ። ትከሻህ ወርዶ፣ አፍህ ተከፍቶ። እዚያው ቆሜ፣ እኔ እሺ ብለው ኖሮ ይሄ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አይስቅም አልኩ።»

ያን ሳቅ ሊያስታውስ ሞከረ። አልመጣለትም። እንደማይደግመው፣ እንደሚለወጥ፣ ነገ ጠዋት አባቱን ኮት አልብሶ ይዞ እንደሚመጣ ነገራት፤ እያንዳንዱን ቃል ከልቡ ነበር የሚናገረው፤ እየተናገረም ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ ይሰማው ነበር። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አላቋረጠችውም። ስትሰማው እጇ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጦ ነጥቶ ነበር።

«አይሆንም» አለች። «አሁን በአፌ ነው። ወደህ ነው የጠየቅከኝ፣ ወድጄ ነው እምቢ ያልኩህ። ሂድ፣ እባክህ፤ አባዬ ሳይመለስ ሂድ። እሱ ይሸመግለናል፣ እኔም እሺ እላለሁ።»

ደገፋ ወጣ። ወይዘሮ ጠጅቱ ከኋላው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፤ በኃይል ቢዘጉት ይሻለው ነበር።

ደረጃውን መውረድ ጀመረ። የሚያየው ሰው አልነበረም፤ ሊያለቅስ ይችል ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ ሲል ተሰማው፤ ጠባብ ጫማ ቀኑን ሙሉ አድርጎ የዋለ ሰው ሲያወልቀው እንደሚሰማው። ሐዘን መስሎት ነበር። ከእንግዲህ አቶ ጴጥሮስ ፊት ተቀምጦ አፉን እያጠራ ማውራት የለበትም። የዲግሪ ወሬ ሲነሣ ወለሉን ማየት የለበትም። እሷ ስትስቅና ሳቋን ስትሰበስብ፣ ለምን ሰበሰበችው ብሎ ማሰብ የለበትም። ማንም ዳግመኛ ከዚህ ከፍታ ላይ አይጥለውም፤ ወርዷልና።

ዕፀገነት ከመንገድ ማዶ ቆማ ያየችው ይህንን ነበር፤ ከራሱ ቀድማ።

የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ። ይወዳታል፤ እዚያው ቆሞ እንኳ ይወዳታል። እፎይታው እስኪለቀው ድረስ ልቁም ብሎ ጠበቀ። አልለቀቀውም።